ለ34 የክበብ ልጆች የ5 ቀን የክረምት ካምፕና ጉብኝት፦ እቅዴን አይታችሁ ስበሩልኝ

የበላይ ጎጥ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከሞጣ አካባቢ ካሉ ሦስት የገጠር ቀበሌዎች 34 የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባላትን ለክረምት ካምፕ ልናወጣ ነው። 18ቱ ሴቶች፣ 16ቱ ወንዶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 18። 4 አስተባባሪና 2 ምግብ አብሳይ ሲጨመር 40 ሰው ይሆናል።

ረቂቁ ይኸው፦ ነሐሴ 8 ተነስተን ባሕር ዳር ማደር። 9 ዘጌ፣ 10 ጢስ ዓባይ፣ 11 ዘንገና ሐይቅ፣ 12 ግሽ ዓባይ፣ ከዚያ ወደ ቤት። አንድ አይሱዙ በነዳጅ ብቻ ሊያደርሰን የፈቀደ ባለንብረት ተገኝቷል። እንጀራውን ከቤት ጋግረን እንጭናለን። የሚያውቅ ሰው ሳይራራ ይንገረኝ።

ጮቄ ማዶ

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚሰበረው ቀኑ ነው። ነሐሴ 8 ፍልሰታ መሃል ነው። በእኛ አገር ፍልሰታን የማይጾም ልጅ ፈልገሽ አታገኚም፤ ብዙው ቅዳሴ እስኪወጣ እህል አይቀምስም። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስቶ እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዱን የዋለ ልጅ ጢስ ዓባይ ቁልቁለት ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ የአስተባባሪው ነው። ልጆቹን ብሉ ብትያቸው ደግሞ ወላጅ ሁለተኛ አይልክልሽም። ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16 ነው፤ ከዚያ በፊት አትነሺ።

ሁለተኛው የእርሻው ነገር ነው። ሐምሌ ውስጥ የተዘራ ጤፍ ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ አረም ይፈልጋል፣ ያ ማለት ነሐሴ ነው። በአረም ጊዜ የልጅ እጅ ከቤት ሲጎድል አባት ፈቃዱን ቢፈርም እንኳ በመነሻው ማለዳ ልጁን ያስቀረዋል። 34 ተመዝግቦ 19 ብቻ የሚመጣው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀኑን በቢሮ አለመቁረጥ ነው። የሦስቱንም ቀበሌ የልማት ሠራተኞች ጠይቂ፦ «የመጀመሪያው አረም በስንት ያልቃል?» በያሉበት የሚሰጡሽ መልስ ይለያያል። ዋልካ ላይ ያለው ዘግይቶ ስለሚዘራ ዘግይቶ ያርማል። ከሦስቱ የመጨረሻውን ያዢ።

በእኔ ግምት ከነሐሴ 18 እስከ 22 ይሻልሻል። ከ25 በኋላ የትምህርት ቤት ምዝገባ አለ፣ ጳጉሜንን ደግሞ ለዓመት በዓል ተዪው።

ነጭ ጠጠር

ለምን ክረምት ላይ ሙጭጭ ትላላችሁ? በጥር መጨረሻ፣ በመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ይሁን። ውቂያው አልቋል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ወንዝ አይሞላም፣ ማገዶው ደረቅ ነው።

ጮቄ ማዶ

ለመንገዱ ልክ ነህ። ሁለት ነገር ግን ረሳህ። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ቢያንስ ከሴቶቹ የተወሰኑት ሚዜ ናቸው፣ ወይም እህታቸው ትዳራለች። ሁለተኛ፣ እረፍቱ አጭር ስለሆነ 5 ቀን ከወሰድክበት አይተርፍም። ጢስ ዓባይም በጥር እንደ ክረምቱ አይደለም። ውሃው ለማመንጫ ይጠለፋል፣ ከ2002 ወዲህ ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ በቀጥታ ስለሚወስድ ፏፏቴው በበጋ ይሳሳል። እርከን ሥራ ለማስተማር ከሆነ ጥር ይበልጣል፤ ዘመቻውም ያኔ ነው። ለጉብኝት ግን ነሐሴ።

ፍሬን

አይሱዙውን እርሺው። የጭነት መኪና ላይ ሰው መጫን ክልክል ነው፤ አደጋ ቢደርስም የመድኑ ጉዳይ ይወሳሰባል። በዝናብ ሸራ አልብሰሽ 34 ልጅ ጭነሽ ትራፊክ ቢያስቆምሽ ጉዞው እዚያው ያልቃል፣ ባያስቆምሽ ደግሞ የባሰ ነው። ባለንብረቱን አመስግኚና ዕቃ ያመላልስልሽ፤ ዱቄት፣ ማገዶ፣ ምጣድ፣ ጀሪካን።

ለ40 ሰው አንድ ትልቅ አውቶቡስ ወይም ቅጥቅጥና ሚኒባስ ያስፈልግሻል። ከሁለቱም የሚረክስ አንድ መንገድ አለ፦ ካምፑን አንድ ቦታ ትከዪና ልጆቹን 17፣ 17 አድርገሽ ክፈይ። አንዱ ምድብ ሲጎበኝ ሌላው ካምፕ ሥራ ይሠራል፤ በማግስቱ ይቀያየራሉ። ያኔ አንድ ባለ 24 ወይም 25 ወንበር መኪና ይበቃል። የምትጎበኙት ቦታ ኃላፊዎችም 17 ልጅ ሲመጣላቸው ደስ ይላቸዋል። 34 ሲመጣ ከኋላ የቆመው አንድም ነገር አይሰማም።

መኪናውን ከመያዝሽ በፊት በዓይንሽ የምታዪው፦ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የጎማው ጥርስ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ፣ የዝናብ መጥረጊያው የሁለቱም በኩል። መጥረጊያ ስትይ ይስቁብሻል፤ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲወርድ ማን እንደሚስቅ እናያለን። በውሉ ላይ የነዳጅ፣ የሹፌርና የረዳት አበልና ማደሪያ፣ የቆመበት ቀን ሒሳብ፣ ቢበላሽ በስንት ሰዓት ውስጥ ምትክ እንደሚያመጣ ይጻፍ። ቅድሚያ ከግማሽ በላይ አትክፈይ። ማታ አትንዱ።

አሁን መስመሩ። ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ በአዴት ነው የሚያልፈው። አዴት ከባሕር ዳር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዘንገናና ግሽ ዓባይ ግን በሌላው፣ በዳንግላና በእንጅባራ መስመር ናቸው። ባሕር ዳር ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ግሽ ዓባይ ያለበት ሰከላ ደግሞ ከዋናው መንገድ ገባ ይላል። በረቂቅሽ መሠረት ልጆቹ አራተኛውንና አምስተኛውን ቀን መኪና ውስጥ ይተኛሉ እንጂ አይማሩም። ሁለቱንም ቁረጪ።

ዲከረንስ

ፍሬን ያለው ላይ ልጨምር። በአምስት ቀን አምስት ቦታ ማለት የመስኮት ጉብኝት ነው። ካምፑን አዴት አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አድርጊው፤ ክፍሎቹ በክረምት ባዶ ናቸው። የመምህራን ሥልጠና ካለ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ሰኔ ላይ የተፈቀደ ክፍል ነሐሴ ላይ ተይዞ ይገኛል። አዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ቅርብ ነው። ሁለተኛው መዳረሻ የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ይሁን። ከባሕር ዳር 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ስለሆነ ጢስ ዓባይን በዚያው ቀን ታዪዋለሽ። የመኪና ቀን ሁለት ብቻ ይሆናል፣ ለየምድቡ አንድ አንድ።

የጉብኝቱ ነገር የሚበላሸው በጥያቄ ነው። ልጆቹ ያለ ጥያቄ ከሄዱ አስጎብኚው የለመደውን ንግግር ያደርጋል፣ አጨብጭበው ይመለሳሉ። ከመነሳታቸው በፊት በነበረው ማታ እያንዳንዱ ቡድን (አራት አራት ልጅ) ሦስት ጥያቄ ይጻፍ፣ መልሱም በቁጥር የሚመለስ ይሁን። «የፎገራ ላም ጥሩ ናት ወይ?» አይባልም። «በቀን ስንት ሊትር ትሰጣለች፣ ስንት ኪሎ ድርቆ ትበላለች፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን በስንት ዓመቷ ትወልዳለች?» ይባላል። አዴት ላይ ደግሞ «ይኼ ድንች በእኛ ደጋ በሔክታር ስንት ኩንታል ይሰጣል፣ ዘሩን ከማን እናገኛለን፣ ዋጋው ስንት ነው?» የመጨረሻው ጥያቄ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም አይጠቅሙም።

ካምፕ ለሚቀረው ምድብ ሦስት ሥራ እመክራለሁ።

የመጀመሪያው ኤ ፍሬም ነው፤ የእርከን መስመር እኩል ከፍታ ላይ እንዲሄድ የሚቀየስበት፣ የ«A» ቅርጽ ያለው መሣሪያ። ሁለት ቀጥ ያለ ባለ 2 ሜትር አጣና፣ አንድ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን አግዳሚ፣ ሦስት ምስማር፣ 1 ሜትር ከግማሽ ሲባጎ፣ እንቁላል የሚያህል ድንጋይ። ሁለቱን አጣና ጫፍ ለጫፍ ምቺያቸው፣ እግራቸው 2 ሜትር ይራራቅ፣ አግዳሚው መሃላቸው ላይ ይመታ። ድንጋዩን ከራሱ ላይ በሲባጎ አንጠልጥዪ። ከዚያ ማስተካከል ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ሁለት ችካል መሬት ላይ ምቺ፣ እግሮቹን አቁሚ፣ ሲባጎው አግዳሚውን የነካበት ላይ በከሰል ምልክት አድርጊ። እግሮቹን አዟዙሪና ደግመሽ ምልክት አድርጊ። የሁለቱ ምልክት እኩሌታ እውነተኛው መሃል ነው። ያለዚህ የተቀየሰ እርከን ውሃን ይሰበስብና በአንድ በኩል ጥሶት ይሄዳል፤ ከመጀመሪያው የባሰ ቦይ ያወጣል። በክረምት የሚያጋጥመው ሌላ ችግር እግሩ ጭቃ ውስጥ መስመጡ ነው። ከእግሩ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጉ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚጣመም በየሁለት ቀኑ መሃሉን እንደገና መፈተሽ አለባችሁ። ነፋስ ካለ ድንጋዩን ከባድ አድርጉት።

ሁለተኛው የአፈር ጠርሙስ። ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ሢሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ በጣት ጫፍ የዱቄት ሳሙና፤ አምስት ደቂቃ መነቅነቅ። አሸዋው በአንድ ደቂቃ ይቀመጣል፣ ደለሉ በሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሸክላው ግን አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከየቀበሌያቸው አፈር ይዘው ይምጡ። ቀዩ አፈርና ዋልካው ጎን ለጎን ሲቆሙ፣ በማግስቱ ጠዋት ዋልካው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውሃ ገና ደፍርሶ ይታያል። ከዚያ ከካምፑ ጅረት አንድ ጠርሙስ፣ ከጢስ ዓባይ አንድ ጠርሙስ ውሃ ጨምራችሁ ሌሊቱን አቁሙትና የደለሉን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ። ይኼን ያየ ልጅ ስለ አፈር መሸርሸር ሌላ ንግግር አያሻውም።

ሦስተኛው ዝናብ መለኪያ ነው፤ ይኼ ቀላል ነው። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ፣ ማስመሪያ፣ በየቀኑ ጠዋት 2 ሰዓት መለካት። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር መሆኑን አስረዷቸውና የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ በአንድ ሌሊት ስንት ጀሪካን እንደሚሰበስብ ያስሉ።

ንብ ማሳየት እንዳታስቢ። በነሐሴ ብርድና ዝናብ ቀፎ መክፈት እጩን ይገድላል፣ ንቡም ቁጡ ነው። ቀፎ መሥራት ይቻላል፤ ቀፎ መክፈት አደይ ከፈነዳ በኋላ ነው።

ነጭ ጠጠር

ዘጌን ለምን ጣላችሁት? ለአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከዘጌ የበለጠ ትምህርት የት አለ? ማረሻ ስላልገባበት ነው ጫካውና ቡናው የቆመው። ለባለ በሬ አገር ልጅ ይኼን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ዲከረንስ

እዚህ ላይ እረታለሁ፤ ዘጌ ጥሩ ነው። የማልስማማው በጀልባው ነው። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይነሳል። በጀልባ የሚሄድ ሰው ጠዋት ሄዶ ከቀትር በፊት መመለስ አለበት፣ የሕይወት ጃኬቱም በልጆቹ ቁጥር ልክ መሆኑን ሳይሳፈሩ ቆጥሮ ማየት ግድ ነው። «አለ» የሚል ጀልባ ነጂ 8 ይዞ 17 ያሳፍራል። ወደ ዘጌ በየብስም ይኬዳል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴትም ወንድም ይገባል። ክብራን ገብርኤል ግን ሴት ስለማይገባ 18 ሴት ልጆች ይዘሽ ወደዚያ መሄድ የለብሽም። ከአንዳሳ ጋር አማርጪና አንዱን ውሰጂ፤ ሁለቱንም በአንድ ቀን አይሆንም።

ጢስ ዓባይ ላይ ጥቂት ቁጥር ይዘው ቢሄዱ፦ ፏፏቴው ወደ 45 ሜትር ይወርዳል፤ የመጀመሪያው ማመንጫ በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ሁለተኛው በ1990ዎቹ ሥራ ጀመሩ። አሮጌው የድንጋይ ድልድይ የ17ኛው መቶ ዘመን ነው። በድልድዩ በኩል ሄዳችሁ በዚያው ተመለሱ፤ በነሐሴ ሙላት ከላይ በጀልባ መሻገርን አትሞክሩ። ደርሶ መልስ 2 ሰዓት ያዙ። መንገዱ ጭቃና ድጥ ነው፣ ዱላ ያስፈልጋል።

የጓዳ ሒሳብ

ልጄ፣ እንጀራ ጋግረሽ አትጫኚ። በክረምት በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፣ ከተደራረበና ከታፈነማ ከዚያም ቀድሞ። የመጀመሪያውን ቀን ምሳና ራት ብቻ ጋግረሽ ያዢ። ለቀረው ዱቄትና እርሾ ይዘሽ ሂጂ። አዴት በነሐሴ ስለሚበርድ ሊጡ ቶሎ አይነሳም፤ አብሳዮቹ ከልጆቹ ሁለት ቀን ቀድመው ሄደው ያቡኩ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ሁለት ተኩል እንጀራ፦ ግማሹ ለቁርስ ፍርፍር፣ አንዱ ለምሳ፣ አንዱ ለራት። ለ40 ሰው 100፣ ለ5 ቀን 500። ከኪሎ ዱቄት 5 ይወጣል ካልሽ 100 ኪሎ። ጤፍ ብቻውን ከከበደሽ በዳጉሳ ወይም በበቆሎ ደባልቂው፤ የበቆሎው ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ለዕለቱ ብቻ ጋግሪው።

አንድ ምጣድ በሰዓት 15 እንጀራ ያወጣል፣ ማገዶው ደረቅ ከሆነ። 100 ለመጋገር 7 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ምጣዱ ሁለት ይሁን። ማገዶውን በግንቦት አስፈልጠሽ ጣሪያ ሥር ካላስቀመጥሽ በነሐሴ የሚገዛው እርጥብ ባሕር ዛፍ ያጨሳል እንጂ አይነድም፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ዘንድሮ ካመለጠሽ ኩበት ጨምሪበት።

ለአንድ ማዕድ፣ ለ40 ሰው፦ ሽሮ 2 ኪሎ ተኩል፣ ውሃ 12 ሊትር ገደማ፣ ሽንኩርት 3 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር፣ ነጭ ሽንኩርት እፍኝ፣ ጨው እየቀመስሽ። ብረት ድስቱ ከ20 ሊትር አይነስ፤ ሽሮ ይገነፍላል። ምስር ወይም ክክ ከሆነም 2 ኪሎ ተኩል ይበቃል። በነሐሴ አዲስ ድንችና እሸት በቆሎ ከገበያ ስለማይጠፋ ለመክሰስ ብስኩት መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ ቅቅል ድንች በዳጣ ስጫቸው።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ስለሆነ አንድ ቀን በግ ቢታረድ ደስ ይላቸዋል። 30 ኪሎ የሚመዝን በግ ከ12 እስከ 13 ኪሎ ሥጋ ከነአጥንቱ ይሰጣል፤ ለ40 ሰው ወጥ አንድ በቂ ነው። ረቡዕና ዓርብን ቆጥረሽ አውጪ። ሙስሊም ልጆች ካሉ ከነሱ ወገን የሆነ ሰው ያረደው ሥጋ የሚበስልበት ሌላ ድስት አዘጋጂ፣ ወይም ያን ማዕድ ለሁሉም የጾም አድርጊውና ማንም አይለይ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ለመኪናው ቀን በሶ። ለአንድ ሰው 100 ግራም፣ በተጣራ ውሃ።

ኬላ

እትዬ ያሉትን የመጨረሻ ቃል ላስምርበት፦ በተጣራ ውሃ። በካምፕ ተቅማጥ የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ከወጡ አይደለም፣ ወጡ ፈልቷል። ከበሶው ነው። ልጁ ጠምቶት ካገኘው ምንጭ ቀድቶ ይበጠብጣል።

ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ለሁሉም ነገር 15 ሊትር አስቢ። ለ40 ሰው 600 ሊትር፣ ማለትም 30 ባለ 20 ጀሪካን ነው። ከዚህ ለመጠጥና ለማብሰያ የሚሆነው 12 ጀሪካን ገደማ ሲሆን መታከም ያለበት ይኼ ነው። 12ቱን ጀሪካን አንገታቸው ላይ ቀይ ጨርቅ እሰሪባቸው፤ ሌላ ውሃ አይግባባቸው። ውሃ አጋር (ክሎሪን ያለበት የውሃ ማከሚያ) ለአንድ ጀሪካን ንጹህ ውሃ አንድ ክዳን፣ ለደፈረሰ ሁለት ክዳን፣ ከዚያ 30 ደቂቃ መጠበቅ። የጠርሙሱን ጽሑፍ አንብቢ፣ ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆንም እዪ። በክረምት ምንጭም ይደፈርሳልና መጀመሪያ በአራት እጥፍ ነጠላ አጥልዪው። የደፈረሰ ውሃ መድኃኒቱን ይበላዋል፤ ጠረኑ ከጠፋ አልሠራም ማለት ነው። ማፍላት ከመረጥሽ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ አቆዪው።

ካምፑን ከባሕር ዳር ወደ አዴት ማውጣቱ ለወባም ይጠቅማል፣ ከፍታው ይለያል። ቢሆንም አንዳንዱ ልጅ ከቆላ ቀበሌ ወባን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት ያለበትን ልጅ «ብርድ ነው» ብላችሁ አታሳድሩ፤ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

ጣና ዳር መዋኘትም እግር መንከርም አይፈቀድ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ።

ጫማ ግዴታ ይሁን፣ ኮንጎም ቢሆን። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር መሄድ ዝሆኔን እንደሚያመጣ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ ማታ ማታ እግር በሳሙና መታጠብ የካምፕ ሥርዓት ይሁን።

የመድኃኒት ሣጥን፦ ለ1 ሊትር የሚሆን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር 20 ፓኬት፣ ፋሻ፣ ጎዝ፣ ፕላስተር፣ ቁስል ማጠቢያ፣ ፓራሲታሞል፣ ጓንት፣ መቀስ፣ ቴርሞሜትር፣ የሴቶች የንጽህና መጠበቂያ ቢያንስ 10 ፓኬት። ፓኬቱ ካለቀ 1 ሊትር የታከመ ውሃ፣ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ከዚህ ከበለጠ ይጎዳል። የወር አበባ መጠበቂያውን ሴቷ አስተባባሪ ትያዘው፤ ወንድ አስተባባሪ ጋ ካለ ማንም አትጠይቅም።

መብረቅ። ነሐሴ ነው፣ ጎጃም ነው፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ብልጭታውን አይታችሁ 30 ሳትቆጥሩ ከጮኸ ሁሉም ሰው ክፍል ይግባ፤ ለመውጣት ከመጨረሻው ድምፅ በኋላ 30 ደቂቃ። ሜዳ ላይ ከያዛችሁ ከብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ተራራቁና ቁጢጥ በሉ።

የበላይ ጎጥ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ቀኑን ነሐሴ 18 አደረግኩ፣ ካምፑ አዴት። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ለ40 ሰው ስንት ክፍል? ደብዳቤና የወላጅ ፈቃዱስ እንዴት ይሁን?

ዘጠኝ ሰዓት

ክፍል፦ 7 በ8 የሆነ መማሪያ ክፍል 56 ካሬ ነው። ለአንድ ሰው 3 ተኩል ካሬ ስጪ፣ 16 ሰው ይይዛል። ስለዚህ ለ18 ሴቶችና ለሁለት ሴት አስተባባሪዎች ሁለት ክፍል፣ ለወንዶቹ ሁለት ክፍል፣ አንድ ለዕቃ። የሴቶቹ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። መጸዳጃ ለ20 ሰው አንድ፣ የሴቶቹ ለብቻ፣ መንገዱ ላይ ሌሊቱን የሚበራ የፀሐይ መብራት። ወለሉ አፈር ከሆነ ቁንጫ ይኖራል። ከሁለት ቀን በፊት ይጠረግ፣ ውሃ ይረጭበት፣ ከዚያ ሸራ፣ በላዩ ሰሌን። ገለባ አትጎዝጉዙ፣ በክረምት እርጥበት ይስባል። ከሰል ምድጃ ይዞ ክፍል ውስጥ መተኛት ፈጽሞ አይፈቀድ፤ በር ዘግተው ከሰል ያሞቁ ልጆች ጠዋት አይነሱም።

ሌላ ማንም የማይነግርሽ ነገር፦ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲመታ የሚናገር ሰው አይሰማም። ንግግርና ውይይት ሁሉ ከጠዋቱ 2 እስከ 6 ሰዓት ይሁን። ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ፣ ስፖርት ወይም እንቅልፍ። ከከተማ መጥቶ ለአበል ብሎ የሁለት ሰዓት ንግግር የሚያደርግ እንግዳ ካለ ግን 9 ሰዓት ላይ መድቢው።

ደብዳቤ፦ ክበቡ የወጣቶችን ጉዳይ ለሚመለከተው የወረዳው ጽሕፈት ቤት ይጽፋል። ጽሕፈት ቤቱ የትብብር ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ፣ ለሁለቱ ምርምር ማዕከላት፣ ለአካባቢው ፖሊስና ለጤና ጣቢያው ይጽፋል። ለማዕከላቱ ከሦስት ሳምንት ባላነሰ ጊዜ ቀድሞ ይድረስ፣ ከዚያ በስልክ ይረጋገጥ። ደብዳቤ ደርሷል ማለት ተነቧል ማለት አይደለም። የጸጥታውን ሁኔታ በዋዜማውና በመነሻው ማለዳ ሁለቴ ጠይቂ። መንገዱ አጠራጣሪ ከሆነ ሁለተኛ እቅድ ይኑርሽ፦ ያው ኤ ፍሬም፣ ያው ጠርሙስ፣ በራሳችሁ ቀበሌ የገበሬዎች ማሰልጠኛ ማዕከል፣ በእግር። ዱቄቱና ክፍሉ እንጂ ትምህርቱ አይቀየርም።

የወላጅ ፈቃድ በሁለት ቅጂ፦ የልጁ ስም፣ ዕድሜ፣ ሁለት ስልክ (አንዱ የጎረቤት)፣ ሕመም ወይም የሚወስደው መድኃኒት፣ የማይበላው ነገር፣ ሲመለስ ማን እንደሚቀበለው። ከሁሉ በፊት ለወላጅ ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ፊርማ ለማይችል አሻራና አንድ ምስክር። መመለሻውን ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አድርጊው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለ ከመኪና ወርዶ ጅረት የሚሻገረውን ልጅ ደራሽ ውሃ ይጠብቀዋል። ከዚያ ሰዓት ካለፈ የሚሻገሩት ልጆች ከወንዙ ወዲህ ባለ ዘመድ ቤት ይደሩ፤ ቤቱም በቅጹ ላይ ተጽፎ ይገኝ።

አረም

የተረሳ ነገር፦ ሲመለሱስ? እያንዳንዱ ቡድን ከጉብኝቱ አንድ የሚታይ ነገር ይዞ ይግባ፤ የተሻሻለ የድንች ዘር፣ የመኖ ሣር ግንጣይ፣ ወይም ኤ ፍሬሙ ራሱ። ምርምር ማዕከል ዘር በነፃ ይሰጣል ብለሽ አትጠብቂ፣ ግን በትንሽ መጠን በግዢ ይቻል እንደሆነ በደብዳቤው ላይ አብረሽ ጠይቂ። የሣር ግንጣይ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ሁለት ቀን ይቆያል፤ በነሐሴ መጨረሻ ሲተከል ደግሞ ዝናቡ ገና ስላለ ይይዛል። ይኼ የክረምት ካምፕ ብቸኛ ብልጫ ነው፤ በጥር ይዘሽ የመጣሽው ግንጣይ ይደርቃል።

ነጭ ጠጠር

እሺ ተረታሁ፣ ጥርን አንስቻለሁ።

የጓዳ ሒሳብ

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። 40 ሰው ያልሽው ሹፌሩንና ረዳቱን ይጨምራል?

የበላይ ጎጥ

አይጨምርም እትዬ። እነሱ ሲጨመሩ 42።

የጓዳ ሒሳብ

አየሽ። 42 በሁለት ተኩል በ5፣ 525 እንጀራ። ደግሞ ምጣድሽ ስንት ነው? የሸክላው ትልቁ ከሆነ ከኪሎ 5 አይወጣልሽም፣ 4 ነው። ስለዚህ 131 ኪሎ አስፈጪ።

የበላይ ጎጥ

131 ብዬ ጻፍኩ። ከተረፈ ድርቆሽ አደርገዋለሁ።

ጮቄ ማዶ

ድርቆሽ በነሐሴ? ፀሐዩን ከየት አምጥተሽ?

የጓዳ ሒሳብ

ከምጣዱ አጠገብ ይደርቃል። እሱ ጓዳ ገብቶ አያውቅም፣ ተዪው።